ተሸክመን እናስገባዋለን!

እኔ የሚገርመኝ የነዚህ «ራምፕ (ዊልቸር በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ) ይሰራልን» ባዮች ነገር ነው። እኛ ዊልቸር ገና ከሩቅ ስናይ እጅጌያችንን ሰብስበን «ያዘው በዛ በኩል!» እየተባባልን የምንሮጥ ደጋግ ሰዎች እያለን ሲሚንቶ ምን ያደርጋል? ሲሚንቶ እኮ «አይዞህ ወንድሜ» አይልም።

እስቲ አስቡት፣ ራምፕ ቢኖር ሰውየው ዝም ብሎ ይገባል። በቃ። ማንንም ሳያመሰግን፣ ማንም ፎቶ ሳያነሳው፣ እንደማንኛውም ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ውልቅ ይላል፣ ይሄ ምኑ ነው ማህበራዊ ኑሮ? ደረጃው ግን ያገናኘናል። አንዱ ጎማውን ይይዛል፣ አንዱ ከኋላ ይገፋል፣ ሌላው የክንድ መደገፊያውን ጨብጦ ወደ ላይ ይስባል (መደገፊያው ተነቃይ መሆኑን ማን ነግሮት)፣ አራተኛው ደግሞ ምንም ሳይነካ «ቀስ! ቀስ!» እያለ ያስተባብራል፣ ማታ ፖስት የሚያደርገውም እሱ ነው። ዊልቸሩ ባለ ኤሌክትሪክ ከሆነማ ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል በረከቱም በዛው ልክ ነው።

ለሴቷ ስንሆን ደግሞ ደግነታችን ወሰን የለውም። ማን በወገቧ፣ ማን በብብቷ ስር እንደሚይዛት እዛው በፍጥነት ይወሰናል፣ እሷን መጠየቅ ሰአት ማቃጠል ነው። የማታውቃቸው አራት ወንዶች ሲያነሷት ፊቷ ከተኮማተረ ምስጋና ቢስ ናት ማለት ነው። ደህንነት ምናምን ለሚሉት መልሳችን አንድ ነው፣ ለጽድቅ ነው የነካናት።

ማየት ለተሳነውማ አትጠይቁኝ፣ ጠርዝ ላይ ቆሞ ካየነው ክንዱን ቀጨም አርገን አስፋልቱን እናሻግረዋለን፣ መሻገር ፈልጎ ነው ወይስ ታክሲ እየጠበቀ የሚለው ዝርዝር ጉዳይ ነው፣ ከተሻገረ በኋላ ይጣራል። አንድ ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ በ1965 (በፈረንጆቹ) ሰው እንዳይቸገር ብሎ በእግርና በበትር የሚዳሰስ ንጣፍ ፈጠረ፣ በ1967 ኦካያማ የሚባል ከተማ ላይ ተነጠፈ፣ ረዣዥሙ መስመር «ቀጥል»፣ ነጠብጣቡ «ተጠንቀቅ» ነው። እኛ አሻሽለነዋል። ቢጫው መስመር ቀጥል ቀጥል ይልና የመብራት ፖል ላይ ያበቃል፣ ፖል ከሌለ ሞተር ቆሞበታል። ቀለሙ ግን ፎቶ ላይ ያምራል፣ እውነት ለመናገር።

ራምፕም እኮ የለንም አይደለም፣ ኢንስፔክሽን ሲመጣ እንሰራለን። መመሪያው ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይላል፣ ማለት 60 ሴንቲ ለሚሆን ደረጃ 7 ሜትር ከ20። ይሄን ሁሉ ቦታ ለማን ብለን? ፓርኪንጉስ? ሜትር ተኩል ላይ እንጨርሰዋለን፣ የወጣ ይወጣል፣ የወረደ ደግሞ ማቆሚያው ላይ እንቀበለዋለን። ሽንት ቤቱም አለ፣ በሩ ላይ የዊልቸር ምልክት በደንብ ተለጥፏል፣ ውስጡ መወልወያና የተሰበረ ወንበር ነው፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ ጥበቃው ምሳ ላይ ነው።

በ2006 (ይሄም በፈረንጆቹ) የተባበሩት መንግስታት የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ሲያፀድቅ አንቀጽ 9 ላይ ተደራሽነትን ያስገባው ሰዎች ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ ብሎ ነው። ራሳቸውን ችለው! ታዲያ እኛ ማንን ልንረዳ ነው? የአለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጉልህ የአካል ጉዳት ያለው ሰው 1.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ከስድስት ሰው አንዱ እንደማለት ነው ይላል። ይሄም አያስደነግጠንም፣ ለአንድ ሰው 4 ተሸካሚ ብናሰላ 5.2 ቢሊዮን ጎረምሳ ይበቃናል (እርግጥ ሁሉም መሸከም አይፈልጉም፣ ግን እኛ መቼ ጠይቀን እናውቃለን)። እርጉዟ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ ህፃን በጋሪ የሚገፋው አባት ገና አልተቆጠሩም፣ ለነሱ ሁለተኛ ፈረቃ ይቋቋማል።

አንድ ችግር ፈጣሪ «እሳት ቢነሳስ?» ብሎ ጠየቀ። ምን አይነት ሟርተኛ ነው በናታችሁ! ግን ለሱም ተዘጋጅተናል፣ ሊፍቱ ላይ «በእሳት ጊዜ ሊፍት አይጠቀሙ፣ በደረጃ ይውረዱ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈናል። ያን ቀን በጎ ፈቃደኞቹ ጎረምሶች እግራቸው ፈጣን ስለሆነ ቀድመው ወጥተው ግቢው ውስጥ የመሰብሰቢያው ቦታ ላይ ይጠብቃሉ፣ ከዛ ኃላፊው መጥቶ «ሁሉም ሰው ወጥቷል?» ይላል፣ እነሱም እርስ በርስ ተያይተው ይቆጠሩና «ሁሉም ወጥቷል ጌታዬ» ይላሉ።