ማስተካከያ፦ የእርሻ አቧራ የአስም መድኃኒት አይደለም
ባለፈው ስለ ቤልጂየሙ የኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት ጥናት) ተመራማሪ ባርት ላምብሬክት ስጽፍ «የእርሻ አቧራ አስም ያለባቸውን ልጆች እንደሚያድን አረጋገጠ» ብያለሁ። ተሳስቻለሁ። አሁን ዋናውን ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን፣ አነበብኩት። የአቧራው ሙከራ የተደረገው በአይጦች ላይ ነው፤ ያውም አለርጂው ሳይጀምራቸው በፊት። የሳንባቸው ሽፋን ሴሎች ኤ20 የሚባል ፕሮቲን አብዝተው ሠሩ፣ ኋላ ላይ በቤት አቧራ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ተባዮች የሚያስነሱት ብግነትም በዚያው ረገበ። ኤ20 ከሳንባ ሽፋናቸው የጠፋባቸው አይጦች ግን ይህን ጥቅም አላገኙም (ለእኔ ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው)። ነገሩ ቀድሞ መከላከል እንጂ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ጽሑፌን አምናችሁ አስም ያለበትን ልጅ አቧራ ውስጥ እንዳትለቁት፣ ሊነሳበት ይችላል። ሐኪም ያዘዘለትን ኢንሄለርም አታቋርጡ። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ልካችሁት ከሆነ ይሄንንም ላኩለት።