ውዳሴ መስኮት

ጀርመኖችን ያላመሰገነ የለም። መኪናቸው ተመስግኗል። ቢራቸው ተመስግኗል። ሰዓት አክባሪነታቸውንም በባቡራቸው ሄዶ የማያውቅ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ያመሰግነዋል። ሳይመሰገን የቀረው መስኮታቸው ብቻ ነው። ይሄ ግፍ ነው። ዛሬ ልክሳቸው ተነስቻለሁ።

ጀርመን ቤቱን እንደ ቴርሞስ አሽጎ ነው የሚሠራው። መስታወቱ ድርብ ነው፤ አዲስ ቤት ከሆነማ ሦስት ንብርብር ነው። በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ ላስቲክ ይዞርበታል። ማሞቂያው በውድ ገንዘብ ይሞቃል። ይሄ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ባለቤቱ ጠዋት ይነሳና መስኮቱን በሙሉ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ውጭ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የከፈለበትን ሙቀት ለሰፈሩ ዛፎች በነፃ ያድላል። እንዲህ ያለ ቸርነት የት ይገኛል? እኛ እንኳን ለነዳያን የምንሰጠው የተረፈንን ነው።

ይሄን መስኮት ከፍቶ ቤት ማናፈስ ሉፍተን ይሉታል። ከፈረንጅ ገና ማግስት ከነልጆቹና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴ ጋር ከፍራንክፈርት ተነስተን ወደ ፉልዳ አቅጣጫ ሄድን። ጓደኛችን ጀርመናዊ አግብታ ሮን በሚባለው ተራራማ አገር፣ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ትኖራለች። ቤተ ክርስቲያን፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጣቢያና የሚያጨሱ የጭስ ማውጫዎች አሉ። ሱቅ የለም። ባለቤቷ ደግ ሰው ነው። እናቱም ደግ ናቸው። ኦማ፣ ማለትም አያት፣ እንላቸዋለን፤ የሚኖሩት ምድር ቤቱ ላይ ነው። ሁሉም እጅ ነስተው፣ አቅፈው፣ ኬክ ቆርሰው ተቀበሉን። ሙቀት ግን አልነበረም። ለክብራችን ሲባል ቤቱ ገና መናፈሱ ነበር።

እማዬ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጋቢ ደረበችበት። «የኔ ልጅ፣ መስኮቱ ተሰብሮ ነው?» አለች ለጓደኛችን። «አይ እማማ፣ አየር እየገባ ነው» አለቻት። እማዬ ዙሪያዋን አየችና ዝም አለች። አየር እንደሚገባማ እሷም አይታዋለች።

እዚህ ላይ ለነገሩ ክብር ሲባል ሳይንሱን ማስቀመጥ አለብኝ። አራት ሰው የሚኖርበት ቤት በትንፋሽ፣ በምግብ ማብሰያና በልብስ ማጠቢያ በቀን እስከ 10 ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ቤቱ የታሸገ ስለሆነ እርጥበቱ መውጫ የለውም። ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ እዚያው ያርፍና ሻጋታ ይሆናል። ስለዚህ ማሞቂያውን ትቀንሳለህ፣ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ትከፍታለህ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ትታገሣለህ፣ ትዘጋለህ። ግድግዳውና ዕቃው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል። ይህንን በቀን ሦስት አራት ጊዜ። መስኮቱን በላይ በኩል ገርበብ አድርጎ መተው ደግሞ ነውር ነው። ሙቀቱ ይባክናል፣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ አየሩም በወጉ አይለወጥም። ልክ ናቸው። ያናደደኝም ልክ መሆናቸው ነው።

ኦማ ጠዋት ሲያገኙን እንዴት አደራችሁ ብለው ጊዜ አያባክኑም። «ሉፍተን አድርጋችኋል?» ይላሉ። መልሱን ሳይጠብቁ ወጥተው ያከፋፍቱታል። ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው አይናቸው ብቻ ይታያል። ኦማ «ጤና ነው!» ይላሉ። እኔ ጤናዬን ያየሁት አንሶላው ሲቀዘቅዝ ነው።

ይህ ጥበብ ከቤት ወጥቶ ሕግ ጋርም ደርሷል። ማናፈስን በግልጽ የሚያዝ የኪራይ ውል አለ። ሻጋታ ከወጣ አከራይና ተከራይ ፍርድ ቤት ይቆማሉ። የሚከራከሩትም በቀን ስንት ጊዜ ተከፈተ፣ ስንቴስ መከፈት ነበረበት እያሉ ነው። በፈረንጆቹ 2022 የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ መንግሥት የራሱ መሥሪያ ቤት ቢሮዎች ከ19 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ ደነገገ። የግል መዋኛ ገንዳ በጋዝና በኤሌክትሪክ ማሞቅም ተከለከለ። መስኮቱን የነካው ግን የለም። የሚነካ መንግሥት ቢመጣም የሚቆይ አይመስለኝም።

እኛም ብንሆን ከዚህ ሕዝብ ጋር የምንፎካከርበት የራሳችን ሥልጣኔ አለን። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ግባ። ሰው በሰው ላይ ነው። መስታወቱ በትንፋሽ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። አንዱ ደፋር ሁለት ጣት ያህል ገለጥ ሲያደርገው ከኋላ ወንበር ሦስት ድምፅ ይነሳል፤ «ኧረ ወንድም ዝጋው፣ ልጅ ይዣለሁ!» ልጅ ያልያዘውም ይጨምርበታል። ጉንፋን በአፍንጫ ሳይሆን በመስኮት እንደሚገባ እኛ ዘንድ ያልተረዳ የለም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ኖረን ብርድን እንደ ባዕድ ነገር የምንፈራ ጀግኖች ነን። የሮን ትልቁ ተራራ ቫሰርኩፐ 950 ሜትር ነው። እማዬ ይህን ስነግራት «ታዲያ ብርዱን ከየት አመጡት?» አለችኝ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ቡና የተፈላ ቀን ነው። እማዬ ቡናውን ከአዲስ አበባ ይዛ መጥታለች። ዕጣንም አለ። ጀርመን ውስጥ በ16ቱም ክፍለ ግዛቶች መኖሪያ ቤት የጭስ ጠቋሚ ይኑረው ተብሏል። እኛ ሀበሾች ደግሞ ጠቋሚውን በፌስታል መሸፈን ተክነንበታል። ግን በሰው ቤት ፌስታል አይጠየቅም። ቡናው ታመሰ። ጭሱ ተነሳ። እማዬ እንደ ወጉ መጥበሻውን ይዛ ዞራ አሸተተችን፣ ኦማም ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ አደነቁ። ከዚያ ቀና አሉና ሁለቱን ትይዩ መስኮቶች በረገዱ። ያ ሁሉ መዓዛ ወደ ጎረቤት ላሞች ሄደ።

«ጭሱ እኮ ነው ቡናው!» አለች እማዬ። ጓደኛዬ ይህን ለኦማ ልታስረዳ ሞከረች። ኦማ በትሕትና ሰሙ። መስኮቱን አልዘጉም።

በዚህ መሐል የጓደኛዬ ባል መድኃኒቱን ነገረን። በኮሮና ጊዜ ርቀት፣ ንጽሕናና ጭንብል ከሚለው መመሪያ ጋር ሉፍተን በይፋ ተጨምሮ ነበር። የትምህርት ቤት መስኮት በብርድ ሲከፈት ልጆቹ እንዳይበርዳቸው የያኔዋ መራሒተ መንግሥት አንጌላ መርከል በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ አንድ ምክር ሰጡ። ትንሽ ቁጭ ብድግ፣ ትንሽ ማጨብጨብ። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ቁጭ ብድግ ለረባሽ የሚሰጥ ቅጣት ነበር። ለካ የማሞቂያ ዘዴ ኖሯል፤ መምህራኖቻችን ሳናመሰግናቸው ቀረን።

ስለዚህ አቦል ላይ ቁጭ ብድግ ተባለ። ቶና ላይም ተደገመ። ልጆቹ ወደዱት፣ የኔ ጉልበት አልወደደውም። በረካ ሲቀዳ ማጨብጨቡ ቀረን። እማዬ ጾም ላይ ናት፤ እጇ ከተነሳ በባዶ አያጨበጭብም። ዝማሬ ጀመረች። ጓደኛዬ ተቀበለቻት፣ ሚስቴ ቀጠለች፣ ቤቱ በጭብጨባ ሞላ። ጎረቤቱ በተከፈተው መስኮት አንገቱን አስገብቶ ሰላም አለን።

ኦማ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «የመርከል ምክር ኢትዮጵያም ደርሷል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን።