ሕፃኑ በአካል ይቅረብ

እኔ እንደ «በአካል ቅረቡ» የምወደው ትእዛዝ የለም። ሰው ተራርቋል፣ ዘመድ ከዘመድ በቴሌግራም ብቻ ሆኗል ሲባል እሰማለሁ። ቢሮዎች ባይኖሩ ኖሮ እውነትም እንዲያ ይሆን ነበር። ስልክ አይቀበሉ፣ ውክልና አይወዱ፣ ዓይናችንን ካላዩ ቀኑ አይመሽላቸው። እንዲህ የሚናፍቀን ሌላ ማን አለ?

ደግሞ አያዳሉም። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕመምተኛ ብለው አይለዩም። የሰሞኑ ግን ከሁሉ በለጠብኝ። አንገቱ ያልጠና ጨቅላ ባለጉዳይ ሆኖ ተሰለፈ።

የእህቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ ወለደች። ባሏ አሜሪካዊ ነው፤ ለሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ። እኛ ውጭ አገር ስንል ወዲያ ማዶ እናያለን፣ ለሱ ውጭ አገር ማለት ማርቆስ ነው። የልጁ ዜግነት በአባቱ በኩል እንዲታወቅ፣ ፓስፖርትም እንዲወጣለት ተፈለገ። ይህ ደግሞ ሁለት ደጃፍ ያስረግጣል። አንዱ የኛ፣ አንዱ የነሱ።

የኛው ይቅደም። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ሸጋ ሕግ ነው። ችግሩ እህቴን አያውቃትም። እሷ ደግሞ «ልጁ በ40 ቀኑ ክርስትና ሳይነሣ አራስ ደጅ አትወጣም» ብላ ሌላ አዋጅ አውጥታለች። ስለዚህ አባትየው የሆስፒታሉን ማሳወቂያ ይዞ ብቻውን ሄደ።

«እናትየዋስ?»

«አራስ ናት።»

«ውይ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ትምጣና ትፈርም።»

መርቆ የሚመልስ ቢሮ የት አገር ይገኛል? ክርስትናው አለፈና ሦስቱም ሄዱ። ያን ቀን ሲስተም አልነበረም። በሌላው ቀን ሲስተሙ ነበር፣ ኃላፊው ስብሰባ ገብተው ነበር። ሕፃኑ ግን ሁሌም በአካል ነበር። በመጨረሻ ወረቀቱ ወጣ፤ ልጁን ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም እንጂ።

ወደነሱ ደጃፍ እንለፍ። የአሜሪካ ሕግ፣ አንዱ ወላጅ ብቻ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ያ ወላጅ ልጁ ከመወለዱ በፊት አምስት ዓመት አገሩ መኖሩን ያሳይ ይላል። ከነዚህም ሁለቱ 14 ዓመት ከሞላው በኋላ መሆን አለባቸው። ፓስፖርት አይበቃም። ሰውዬው የሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕቱን ከእናቱ ቤት ሣጥን አስፈለገ። የሒሳብ ውጤቱን ቤተሰቡ ሁሉ አየው። እህቴ ምንም አላለችም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የገበያ ሒሳብ ለሱ አትሰጠውም።

ፎቶውን ብታዩ! 5 በ5 ሳንቲ ሜትር፣ ጀርባው ነጭ፣ ሌላ ሰው እንዳይታይ። የማርቆሱ ፎቶ አንሺ ልጁን ነጭ ነጠላ ላይ አጋደመው። ጥለቱ በጆሮው በኩል ብቅ አለ። ነጠላው ተነሥቶ ጋቢ ተነጠፈ፣ ልጁ ጋቢውን አረጠበው። ሌላ ጋቢ መጣ። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ሲዞርበት የእህቴ ጣት ከሥር ገባች፣ ፎቶው ላይም ወጣች። ደግሞ ከግንባሩ የተቀባው ቅቤ በፍላሹ አብረቀረቀ። አዲስ የተወለደ ልጅ ዓይኑን አጥርቶ ባይከፍት ችግር የለውም ይላል መመሪያው፤ ይህቺን ምሕረት ያሰበ ሰው ልጅ አሳድጎ መሆን አለበት። ፎቶ አንሺው «እኔ ሙሽራ ሳነሣ እንዲህ አልደከምኩም» አለ። ሒሳቡን ግን እንደ ሙሽራ አስከፈለ።

ከዚያ መንገዱ በተከፈተ ቀን ጉዞ ወደ አዲስ አበባ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለምን ቢባል፣ ማመልከቻው ሲቀርብ ልጁ ራሱ መገኘት አለበት። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ሁለቱም ወላጆች ይቀርባሉ፣ የቀረው በፊርማ ፈቃዱን ይልካል። እህቴ ስለሷ ማንም ባይጠይቅም በአካል ቀረበች።

ደጀን ላይ በሦስት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ልጅ ዓባይ በረሃ ሲወርድ አንድ በአንድ ይገለጣል። ጎሃ ጽዮን ሲወጣ መልሶ ይጠቀለላል። ቁልቁለቱ ላይ ጆሮው ተደፈነ መሰለኝ፣ ጩኸቱን ለቀቀው። ጡት ሲሰጡት ዝም፣ ሲነጥቁት እንደገና። ሹፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ። ከልጁ ጋር መወዳደር አልቻለማ።

የኤምባሲው በር ላይ ማሽኑ ጮኸ። ጥበቃው ቦርሳውን አየ፣ ምንም የለም። የልጁን ጥቅልል ዳሰሰ፣ አንዲት ትንሽ ቢላዋ ከሽንት ጨርቁ መሀል ወጣች። አባትየው ነጣ። እህቴ ግን ኮራ ብላ «ብረት ነው ልጄ፣ ለአራስ ነው፣ ከክፉ እንዲጠብቅ» አለችው። ጥበቃው ያገር ልጅ ኖሮ ገባው። ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እማማ፣ እዚህ እኛ እንጠብቀዋለን» ብሎ ቢላዋዋን በር ላይ አስቀመጠ።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ዋናው ባለጉዳይ እንቅልፍ ወስዶታል። ለመቅረብ ግን ቀርቧል፣ ሕግ ተከብሯል።

አሁን ወደ ማደንቀው ነጥብ ልምጣ። በኛ ሕግ፣ በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ሁለት ዜግነት ግን አይፈቀድም። በትውልድ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ልብ በሉልኝ። ለመመዝገብ በአካል፣ ለፎቶ በአካል፣ ለፓስፖርት በአካል። አገሩን ለመተው ግን ማንም ና አይለውም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃዋል።

ይህን ለእህቴ በደንብ አድርጌ አስረዳኋት። ልጁን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለች።

«ይሄ ልጅ?» አለችኝ። «ይሄ ልጅ ዝም ብሎ ያውቃል?»