ወደ ቁልቢ ለብቻ መጓዝ

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ በድሬዳዋ የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። ማኅበራት አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ጎረቤት ስንቅ ያዋጣል፤ ስለት ያለበትም የሌለበትም ከዘመድ ወዳጁ ጋር ሆኖ የደንገጎን ዳገት ይወጣል። ይህ የኅብረት ጉዞ የምወደው ልማድ ነው፤ እንዲቀርም አልመኝም። ሆኖም አማኝ የሆነ ሰው፣ በተለይም ወጣት፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ብቻውን ወደ ቅዱስ ስፍራ ቢሄድ ቤቱ ተቀምጦ የማያገኘውን ብርታት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

በቡድን ስንጓዝ ሰፈራችንን ይዘን ነው የምንሄደው። ጨዋታው፣ ምግቡና የምንደገፍበት ሰው ያው በመሆኑ፣ በየቀኑ የምንለው «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚፈተንበት አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም። ያዕቆብ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ድንጋይ ተንተርሶ ባደረባት ሌሊት አጠገቡ ማንም አልነበረም፤ እግዚአብሔር በዚያ ስፍራ እንዳለ ያወቀውም ያን ጊዜ ነው። በእስልምናም ቢሆን የመንገደኛ ዱዓ ተቀባይነት እንዳለው ይነገራል፤ መንገደኛ ሶላቱን እንዲያሳጥርም ተፈቅዶለታል።

የቁልቢ መንገድ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የተለየ ነው። ልዑል ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በቁልቢ ተስለው፣ በድል ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል፤ ነገር ግን ከደንገጎ ወዲያ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ገበሬ አብዛኛው ሙስሊም ኦሮሞ ነው። በአውቶቡስ የሚያልፍ ተሳላሚ ይህን ሕዝብ በመስኮት አይቶ ያልፋል። ብቻውን በእግሩ የሚሄድ ግን ውሃ ሲጠማው ደጃቸው ላይ ቆሞ መለመን፣ ቋንቋ ባይችል እንኳ በምልክት መግባባት፣ የተሰጠውንም በምስጋና መቀበል ይኖርበታል። ከእነርሱ መካከል ለገብርኤል ስለት ይዘው የሚመጡ እንዳሉ የሚሰማውም እዚያው ደጃቸው ላይ ተቀምጦ ነው። እኛ ምጽዋት መስጠትን አጥብቀን ተምረናል፤ ከማናውቀው ሰው እጅ መቀበልን ግን አልተማርንም፤ ለእኔ ትሕትና የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«አንዱ ቢወድቅ ሁለተኛው ያነሣዋል» የሚለውን የመክብብ ቃል ጠቅሰው የሚቃወሙ አባቶች አሉ። ቃሉ እውነት ስለሆነ ጥንቃቄ ግዴታ ነው፦ የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ፣ በቀን ብርሃን መሄድ፣ የት እንደሚደርሱ ለቤተሰብ መንገር። መንገዱ ሰላም በሌለበት ጊዜ መውጣት እምነት አይባልም፤ አምላክን መፈታተን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው በታኅሣሥ ቢሄድ ይሻላል፤ መንገዱ በተሳላሚ ስለሚሞላ ብቻውን ቢሆንም አይጠፋም። የለመደው ደግሞ በሐምሌ 19 ወይም ጭራሽ በዓል ባልሆነ ቀን ይሞክረው። ቁልቢ የራቀበትም በሚኒባስ ሐረር ወርዶ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በተጎራበቱበት በጀጎል፣ በግንብ በታጠረው በአሮጌው ከተማ፣ ማንንም ሳያስከትል ሊውል ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሴት ልጆቻችን ጉዳይ ነው። ወንድ ልጅ ብቻውን ወደ ገዳም ሲሄድ «በረከት ያግኝ» እንላለን፤ እኅቱ ስትነሣ ግን «ከማን ጋር?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል፤ መልሷ «ብቻዬን» ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬ ይከተላል። ስጋቱ ከፍቅር እንደሚመነጭ አውቃለሁ፤ ሐሜቱ ግን ከፍቅር አይመነጭም። ድሬዳዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከየአገሩ ቤቱን ጥሎ በመጣ ሰው የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፣ የብቸኛን መንገደኛ ሐሳብ ለመረዳት ከማንም በላይ እኛ እንቀርባለን። ስለዚህ የንስሐ አባቶች አንዲት ወጣት ለስለቷ ብቻዋን ልትሄድ ስትነግራቸው ስለ መንገዱ የሚያውቁትን መክረው፣ በጸሎት ባርከው እንዲሸኟት፣ እናቷንም እንዲያጽናኑ እማጸናለሁ።