ሥዕሉን አትንኩት

የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር ጀምሮ እስከ አልጋው ራስጌ ድረስ መላጥ የጀመረው ከሦስት ክረምት በፊት ነው። ጅማ በዓመት ከ1400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ በመሆኗ፣ ቆርቆሮው ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ያለችበት ቤት ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ እንዲህ ያለ ግድግዳ ማግኘቱ አይቀርም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ክረምት «ግንበኛ ጥራ» አለችኝ፤ በሁለተኛው ክረምት «ግንበኛ ልጠራ ነው» አለችኝ፤ በሦስተኛው ክረምት ግን መናገሩን ትታ ግድግዳውን አንድ ጊዜ፣ እኔን ሁለት ጊዜ መመልከት ጀመረች። እኔ ሲሚንቶ እስኪረክስ እየጠበቅሁ ነበር፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚፈጅ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ጭንቅ ያወጣኝ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። የዕረፍት ጊዜውን እኛ ዘንድ ሊያሳልፍ መጥቶ፣ ሻንጣውን ሊያስቀምጥ እንደገባ ስለቀረብን ብሄድ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ግድግዳው ፊት ቆሞ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራው?» አለኝ። «ዝናቡ» አልኩት፣ ሊወቅሰኝ መስሎኝ። «እባክዎን እንዳይነኩት!» አለኝና፣ ላይኛው ቢጫ ቀለም እየተላጠ ሥሩ ያለው የድሮው ሰማያዊ ብቅ ሲል የተፈጠረውን ቅርጽ፣ በዳር በዳሩ የተቀባውን የሻጋታ ጥላ፣ አንዳንድ ሠዓሊ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የሚኖረው ነገር እንደሆነ አድርጎ ይተነትንልኝ ጀመር። ከትንታኔው ሁሉ በጆሮዬ የቀረችው «እንዳይነኩት» የምትለዋ ቃል ነበረች። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ የሥነ ጥበብ ወዳጅ ሆንኩ።

ልጁ አቋሜን ሊያጠናክርልኝ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን በምስክርነት ጠራልኝ። ሊዮናርዶ ለሠዓሊዎች በጻፈው ምክር ውስጥ፣ እድፍ የወረሰውን ግድግዳ ትክ ብሎ ያየ ሰው ተራራና ወንዝ፣ ጦርነትና እንግዳ የሆነ የሰው ፊት ሊያገኝበት እንደሚችል አስፍሯል። ይህንን ማታ በእራት ላይ ለባለቤቴ በክብር አቀረብኩላት። እሷም እንጀራውን እየቆረሰች «ሰውየው ሚስት ነበረችው?» ስትል ጠየቀች። ልጁ ሊዮናርዶ ሳያገባ መሞቱን ነገራት። «አውቄዋለሁ» ብላ ወጥ ጨመረችልን።

በማግስቱ ልጁ ዓይኔን ሊከፍትልኝ ከተማውን ያዞረኝ ጀመር። የመጀመሪያው ትምህርት ፎቶ አንሺዎች የሚመሩበት የሲሶ ሕግ ነበር። እኔ ሲሶ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለኝ ጭሰኛና ባለርስት ስለሆነ፣ በሥዕልም መሬት የሚከፋፈል መሆኑን ስሰማ ተገረምኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ምስሉን በሁለት ቋሚና በሁለት አግድም መስመር ዘጠኝ ቦታ ከፍለህ፣ ዋናውን ነገር መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህን በዚህ ስም የጠራው እ.ኤ.አ. በ1797 ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው ይባላል። «መሃል ላይ የተቀመጠ ነገር ይሞታል» አለኝ ልጁ። እኔና ባለቤቴ በሠርጋችን ዕለት በአንድ ፎቶ ቤት፣ ፏፏቴ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት፣ ልክ መሃል ላይ ተተክለን የተነሳነውን ፎቶ አስታወስኩና ላለመከራከር ዝም አልኩ።

ሲሶን ለጅማ ሰው ማስተማር ግን ለቀባሪው ማርዳት ነው። በርጩማችን ሦስት እግር፣ ባጃጃችን ሦስት ጎማ፣ ምድጃችን ሦስት ጉልቻ፣ ቡናችን አቦል፣ ቶናና በረካ ነው። እንግሊዛዊው ጅማን ሳያይ ይህን ሕግ ማግኘቱ የሚደነቅ ነው።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጣልያን ትቶት የሄደውን ግንብ ቶሎ አለፍነው፤ እንደዚያ ያለውን ማንም ያደንቀዋል። ልጁ የቆመው ልኳንዳ ቤቱ በር ላይ ነው። በበሩ ላይ የተሣለው በሬ ረጅም ቅንድብ አለው፣ በአንገቱ የአበባ ጉንጉን አጥልቋል፣ ጥርሱን እያሳየ ይስቃል፤ ከጀርባው ደግሞ የወንድሞቹ ብልት በመንጠቆ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ልጁ ስለ ቀለም አጣጣሉ ብዙ ተናገረ። እኔ ያሳሰበኝ የበሬው ሳቅ ስለነበር ባለ ልኳንዳውን ጠየቅሁት፤ ሠዓሊው የሁለት ኪሎ ሥጋ ዕዳ ነበረበትና ሥዕሉን የሣለው ዕዳውን ሊሰርዝበት መሆኑን ነገረኝ። በሬው የሚስቀው በሠዓሊው ደስታ ነው ማለት ነው። ስለዚያ ሥዕል ከተባለው ሁሉ የተሻለው ማብራሪያ ይህ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በርጩማው ነው። የጅማ በርጩማ ሳንቃ ተቆራርጦ በሚስማር የሚገጣጠም ዕቃ አይደለም፤ መቀመጫውና እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው ስለሚወጡ የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም። ጠራቢው ግንዱን በመጥረቢያ ቅርጽ ካስያዘ በኋላ ከሥሩ እየፈለፈለ፣ እግር የማይሆነውን እንጨት ሁሉ እያነሳ ይጥላል። መቀመጫው በትንሹ ሰርጎድ ይላል፤ ያም ስርጉድ የሚወጣው በልኬት ሳይሆን በመዳፍ ነው፤ ፍቆ ፍቆ መዳፉን ያስኬድበታል፣ ያልጣመው ቦታ ላይ እንደገና ይፍቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ደግሞ መዳፉን ያስኬዳል። ይህንን ከአጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ካየሁ በኋላ፣ የተማርኩት ነገር እንዲታወቅልኝ ያህል፣ እግሮቹ ሦስት የሆኑበት ጥልቅ ምሥጢር ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀና ሳይል «መሬቱ ወጣ ገባ ነዋ፤ አራት ቢሆን ይወላገዳል። ጋሼ፣ እባክዎን ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ጥላዎት እጄ ላይ ወደቀ» አለኝ።

ልጁ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ይውላሉ፤ ጠብ የሚያነሳው አራተኛው ነው። እውነት ነው። ባለ አራት እግሩ የምግብ ጠረጴዛችን፣ ለስምንት ዓመት ያህል የታጠፈ ካርቶን እግሩ ሥር ተደርጎለት ሲለመን ኖሯል። ጠራቢው ይህን የጂኦሜትሪ ጉዳይ የሚያውቀው ከአባቱ ነው፤ አባቱም እንደዚሁ ከአባቱ። ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ባለው ቤተ መንግሥታቸው እንጨቱ እንዴት እንደተጠረበ ያየ ሰው፣ በዚህ አገር እንጨት የሚታዘዝለት እጅ ትናንት እንዳልመጣ ይገባዋል። እኔ ያንን ቤተ መንግሥት ተማሪ ሳለሁ ጎብኝቼዋለሁ፤ የማስታውሰው ግን ለምሳ የተሰጠንን ዳቦ ብቻ ነው።

በርጩማውን ገዛሁት። ቤት ወስጄም «ይህ ቅርጻ ቅርጽ ነው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት» ብዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣሁት። ባለቤቴ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ በርጩማውን፣ በመጨረሻም እኔን ተመለከተች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ስላወራው መደበቁ ትርጉም የለውም። ልጁ ዊልያም ኤግልስተን ስለሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነግሮኝ ነበር። ይህ ሰው በቀለም ያነሳቸውን የዕለት ተዕለት ነገሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲያሳይ ብዙ ሐያሲ ወርዶበታል፤ ዛሬ ግን ስሙ በአክብሮት ይነሳል። ከታወቁት ፎቶዎቹ አንዱ የልጆች ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው፤ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ወደ ላይ ስላነሳት፣ ያቺ ትንሽ ብስክሌት ከኋላዋ ካሉት ቤቶች በላይ ገዝፋ ትታያለች። ባለ ሦስት ጎማ ከሆነማ፣ ብዬ አሰብኩ፣ በእኛ ከተማ የሞላውን ነገር አሜሪካዊ ብቻውን ለምን ይከብርበታል?

በማግስቱ ጠዋት ከቤታችን በታች፣ ኋላው ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጥቅስ የተጻፈበት አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ቆሞ አየሁ። አሽከርካሪው ከሱቅ ውኃ ሊገዛ ወርዷል። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ሰው የለም። ጃኬቴን አነጠፍኩና ከፊት ጎማው አጠገብ በደረቴ ተኛሁ። ከዚያ ሆኜ ሳየው ባጃጁ በእርግጥም እንደ ቤተ መንግሥት ተቆልሏል፤ መስተዋቱ ሰማይ ይዟል፣ የፊት ጎማው ጭቃ ከነስንጥቁ ይታያል። ልክ ትንፋሼን ይዤ ላነሳ ስል ነው አንዲት ሴት «በስመ አብ! ሰው ገጨ!» ብላ የጮኸችው።

የጅማ ሰው ሩኅሩኅ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሃያ ያላነሰ ሰው ከበበኝ። ልነሳ ብል «አይነሳ፣ አጥንቱ ይሆናል» ብለው መልሰው አስተኙኝ። ጎረቤታችን ሐጂ «ቢስሚላህ» እያሉ ከመስጊድ የያዙትን የውኃ ማሰሮ ፊቴ ላይ ባዶ አደረጉት። ሌላው ግጭት ሳይሆን የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ስለፈረደ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ፤ ጢሜ በአንድ ወገን እስከ ዛሬ ተስተካክሎ አልበቀለም። አሽከርካሪው የውኃ ላስቲኩን ጥሎ፣ ባጃጁ ሞተሩ እንደጠፋ መሆኑን በእናቱም በአባቱም መቃብር ይምላል። «ሥነ ጥበብ ነው! ፎቶ እያነሳሁ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ይህን ስል አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡና፣ «ወይኔ ልጄን፣ ጭንቅላቱንም ነክቶታል» አሉ።

ፎቶው ውስጥ የተገኘው የሐጂ ጫማ ነው። ልጁ በጣም ወደደው።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ሳልወጣ መፈላሰፍ መረጥኩ፤ ለዚህም ምክንያት አላጣሁም። እስከ ዛሬ ከተረፉት በካሜራ የተነሱ ፎቶዎች ሁሉ ቀደምት የሆነውን፣ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ያነሳው ከቤቱ መስኮት ሆኖ ነው፤ የሚታየውም የግቢው ሕንፃዎችና ጣሪያ ብቻ ነው። ብርሃኑ ሰሌዳው ላይ እስኪቀረጽ ብዙ ሰዓት ጠብቋል። እኔም መስኮት አለኝ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ይታየኛል፣ ጊዜም አለኝ። ስለዚህ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ስልኬን ደግኜ፣ ጀበናው ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ እስኪረጋ፣ ጢሱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ እስኪጠመዘዝ እንግዳ ሁሉ ሲኒውን እንዳይነካ ማዘዝ ጀመርኩ። የጀበና አንገት የጠበበው አተላው ሆዱ ውስጥ እንዲቀር መሆኑን፣ ሆዱ ክብ ስለሆነም ያለ ማቶት እንደማይቆም ለጎረቤቶቻችን ሳስረዳ፣ ጀበና በእጃቸው ሳይዙ ውለው የማያውቁ ይመስል በትዕግሥት ያዳምጡኝ ነበር። አቦል በቀዘቀዘ ቁጥር የሚመጣው ጎረቤት ቁጥሩ ቀነሰ።

በሳምንቱ ልጁ ግድግዳችንን ያነሳበትን ፎቶ በይነ መረብ ላይ አውጥቶት ኖሯል። ሰው አደነቀው፤ አንዱ ሙዚየም ውስጥ ያለ ነው ብሎ ተከራከረ። ችግሩ የባለቤቴ ታላቅ እህት ከአዲስ አበባ አይታው፣ የአልጋችንን ራስጌ ከነጨርቁ መለየቷ ነው። ደውላ «እቴ ምነው፣ ቤታችሁ ፈርሷል ሳትነግሪኝ?» አለቻት። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። እኔ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ፈጥሬ ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ስመለስ ከመኝታ ቤት የሲሚንቶ ሽታ ተቀበለኝ። ግንበኛው በማንኪያው እያለሰለሰ የመጨረሻዋን የኮርኒስ ጥግ ይጨርሳል፤ ለመድረስ የቆመው በርጩማዬ ላይ ነው፣ በርጩማውም ፍንክች አላለም። ርጥቡ ልስን ላይ የማንኪያው ጠርዝ ያስቀረው ቅስት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ፣ የዓሣ ቅርፊት መስሎ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ይጫወታል። ሳላስበው እጄ ወደ ኪሴ ገባ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «መጀመሪያ የሰውየውን ሒሳብ ክፈል፣ ከዚያ ታነሳለህ።»