ጉትካ ሻጩ በየትኛው ሕግ ይከሰስ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ አራት ሰዎች፣ በሕንድ አገር የታገደውን ጉትካ የተባለ የሚታኘክ ትምባሆ የሸጠ ባለሱቅ መርዝ እንዳበላ ሰው ሊከሰስ ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ጉዳይ ሲሟገቱ አብሬያቸው ነበርሁ።

አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ ይገባዋል ባይ ነበረች። ጉትካ ከትምባሆ፣ አሬካ ከሚባል የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ፍሬና ከኖራ የሚቀመም መሆኑን፣ የአፍ ካንሰር እንደሚያመጣ፣ አሬካውም የአፍን ውስጥ ሥጋ እያደረቀ በሽተኛው አፉን መክፈት እስኪሳነው እንደሚያደርስ ካስረዳች በኋላ፣ «መርዝ ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?» አለች።

ጠበቃው በዚህ አልተስማማም። የቀድሞው የሕንድ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 328 እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣው ሰውን ለመጉዳት ወይም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም አስቦ፣ ወይም ሊጎዳ እንደሚችል እያወቀ መርዝ የሰጠን ሰው ሲሆን፣ ጉትካ ገዢ ግን የሚገዛውን ዐውቆ፣ ከፍሎ ይወስዳል አለ። የቦምቤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ክስ ውድቅ ማድረጉንም ጠቀሰ። ባለሙያዋ ግን የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ያንን ውሳኔ መሻሩን ታውቅ ነበር። ጠበቃውም የተሻረው፣ ጉትካ የታገደበት የምግብ ደኅንነት ሕግ ሌላ ክስን ይከለክላል የተባለው ክፍል እንጂ ሻጩ መራዥ ነው ተብሎ አልተወሰነም፤ እንዲያውም ያው ፍርድ ቤት በ2024 በሌላ መዝገብ፣ የምግብ ደኅንነት ሕጉ በወንጀል ሕጉ ላይ ካሉት ምግብን የመበከል አንቀጾች እንደሚቀድም ወስኗል ሲል መለሰ።

በዚህ መካከል ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ወዳጃችን፣ «ፋብሪካውስ?» ብሎ ጣልቃ ገባ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። የሕንድ ክልሎች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጉትካን ሲያግዱ፣ አምራቾቹ ትምባሆውንና ፓን ማሳላ የተባለውን ትምባሆ የሌለበት የአሬካ ቅመም በሁለት እሽግ ለይተው መሸጥ ጀመሩ፤ ገዢው ራሱ ይቀላቅለዋል። እገዳውም ቢሆን ከአንድ ዓመት በላይ ስለማይጸና በየዓመቱ ይታደሳል። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኛ፣ «ልጆቼ፣ በጫት አገር ተቀምጠን በሰው ማኘክ እንፈርዳለን?» ብለው አሳቁን፤ ክርክሩን ግን አላራመዱትም፤ ጫት እዚህ በሕግ የሚሸጥ ነውና።

እኔ ከጠበቃው ጋር ነኝ፤ ሆኖም በእርሱ ምክንያት ብቻ አይደለም። የሕንድ ሕግ አውጪ ከባድ ቅጣት ሲፈልግ በግልጽ መጻፍ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሕፃናት ፍትሕ ሕግ ለልጅ ትምባሆ የሰጠን ሰው እስከ 7 ዓመት ያስራል። የምግብ ደኅንነት ሕጉም ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ሰው ከገደለ ሻጩን እስከ ዕድሜ ልክ ሊያሳስር ይችላል። እነዚህ እያሉ የመርዝ አንቀጽን መለጠጥ ባለሱቁን ያለ ልክ ከማስፈራት ውጭ፣ ሁለቱን እሽጎች ጎን ለጎን ለገበያ ያቀረበውን አምራች አይነካም። ባለሙያዋ የዘረዘረችው ጉዳት እውነት ነው፤ በዚያ ጉዳት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን አምራቹ ነው።