ታይፎይድን ከታማሚው ጋር ብቻ አንፈልገው

ታይፎይድ ሲባል ትኩሳት የጣለው ሰው ይታየናል። ባክቴሪያው ግን ምንም በማይሰማው ሰው ውስጥም ለዓመታት ይኖራል። በበሽታው ከተያዙ 100 ሰዎች ከ2 እስከ 5 ያህሉ ከዳኑ በኋላም ተሸካሚ ሆነው እንደሚቀሩ ይገመታል። መደበቂያው ብዙ ጊዜ የሐሞት ከረጢት ነው። ጠጠር ካገኘ እዚያ ላይ ተጣብቆ ራሱን በስስ ሽፋን ይከልላል። መድኃኒትም እንደልብ አይደርስበትም። ከዚያ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይወርድና ከሰገራ ጋር ይወጣል።

የበሽታውን ስርጭት የሚከታተለው ቅኝት ግን በአብዛኛው የሚያየው ሐኪም ቤት የመጣውን ታማሚ ነው። ይህ አካሄድ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በናይሮቢ ሙኩሩ ሰፈር ከታመሙትም ጤነኛ ከሚመስሉትም የተገኘውን ባክቴሪያ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃውን፣ አንብቧል። መድኃኒት በመላመድ የሚታወቀው ኤች58 የተባለው ዝርያ በሁለቱም ወገን ተገኝቷል። በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ ደግሞ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ጥገና ከወጣላቸው ሰዎች የተወሰደው ባክቴሪያ ሌላ መልክ ነበረው። ኤች58 እንደ ታማሚዎቹ አልበዛበትም። የባክቴሪያው የላይኛው ገጽ ላይ የሚሠሩ ጂኖችም ተለውጠው ታይተዋል። የአንዱን ከተማ መልስ ለሌላው መስጠት አይቻልም ማለት ነው። በየቦታው መመርመር ግድ ይላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ጂኖሙ የዘር መረጃው የተጻፈባቸው 4.8 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ በዓመት የሚለወጠው በአማካይ አንድ ፊደል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሁለት ሰዎች ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ሆኖ ቢገኝ፣ ማን ለማን እንዳስተላለፈ ጂኖሙ ብቻውን አይነግረንም። ሁለቱም ከአንድ የተበከለ ውኃ ጠጥተው ይሆናል። ይህን ውጤት ይዞ ተሸካሚው ላይ ጣት መቀሰር ከባድ በደል ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ምግብ አብሳይ የነበረችው የታይፎይድ ተሸካሚ ሜሪ ማለን እ.ኤ.አ. በ1907 ተይዛ ተገለለች። ከተለቀቀች በኋላ በ1915 እንደገና ተይዛ፣ በ1938 እስክትሞት ድረስ ተገልላ ኖረች።

ያኔ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ አለ። የትኛው መድኃኒት እንደማይሠራ ደግሞ ያው ጂኖም ይጠቁማል። እንግዲያው ምርመራው መጀመሪያ የሚጠቅመው ናሙና የሰጠውን ሰው መሆን አለበት። ፈቃዱ ይጠየቅ። ውጤቱ ለራሱ ይነገረው። ሕክምናውን በነጻ ያግኝ። ምግብ የሚያዘጋጅ ከሆነም እስኪድን ደመወዙ ሳይቋረጥ ሌላ ሥራ ላይ ይመደብ።